«ትርፍ» የተባለው ፕሉቶኒየም፦ በአንድ ቃልና በሁለት የተረሱ ሰነዶች ላይ የቀረበ ሙግት

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ «ትርፍ» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት ነገር ነው። ለጤፍ ነጋዴው ከዋናው በላይ ያገኘው ገንዘብ ነው። ለሾፌሩና ለረዳቱ ከወንበር በላይ የተጫነው ሰው ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ «ዝቅ በሉ» የሚባለው እሱ ነው። ለሐኪሙ ሲያብጥ ተቆርጦ የሚወጣው ትርፍ አንጀት ነው። ለባለቤቲቱ ደግሞ ከማታው እራት ተርፎ ጠዋት ፍርፍር የሚሆነው እንጀራ ነው። አራቱም ከአንድ ግስ፣ ከ«ተረፈ»፣ ይወለዳሉ። የመጀመሪያው ግን ሀብት፣ ሁለተኛው ጥፋት፣ ሦስተኛው ስጋት፣ አራተኛው በረከት ነው።

ይህን ያነሣሁት ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ አሜሪካና ሩሲያ ከፈታቷቸው የኒውክሌር ቦምቦች የወጣውንና ለጦር መሣሪያ አያስፈልገንም ያሉትን ፕሉቶኒየም እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሰየመው፤ እኛም ብዙ ሳናስብ «ትርፍ ፕሉቶኒየም» አልነው። ከአራቱ የትኛው ትርፍ ነው? በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ነዳጅ ይሁን የሚሉ ሁሉ፣ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም፣ የነጋዴውን ትርፍ ወይም የማለዳውን ፍርፍር ያስባሉ። የዚህ መጣጥፍ አቋም ሌላ ነው። ፕሉቶኒየሙ ትርፍ ከሆነ እንደ ተሳፋሪው ነው፤ ከመጀመሪያውም መጫን ያልነበረበት፣ የጫነውም ሰው የሚጠየቅበት። ባጭሩ ዕዳ ነው። ዕዳነቱን ጽፈው ካስቀመጡልን ምንጮች መካከል ደግሞ ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና በ1961 እና በ1965 (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረበቻቸው ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ይገኛሉ። ስለ ፕሉቶኒየም አወጋገድ ባነበብኳቸው ጥናቶች ውስጥ እነዚህ ሁለት ሰነዶች የሚገባቸውን ቦታ አግኝተው አላየሁም።

ስለ ቁሱ

በዚህ ክፍል ከማንም ጋር ሙግት ስለሌለኝ አሳጥራለሁ። ፕሉቶኒየም በተፈጥሮ ከኢምንት በላይ አይገኝም። ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ በርክሊ በ1940 እና በ1941 መገናኛ ላይ በቤተ ሙከራ ፈጠሩት። አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1945፣ 6 ኪሎ ግራም ገደማው ናጋሳኪን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ የተመረተው ሁሉ የወጣው ከማብላያ ነው፤ ዩራኒየም ኒውትሮን ሲውጥ ወደ ፕሉቶኒየም ይለወጣል። ለቦምብ የሚመረጠው ፕሉቶኒየም-239 ከመጠኑ ግማሹ እስኪጠፋ 24,100 ዓመት ይፈጅበታል።

ነዳጅ የማድረጉ ዘዴ ደግሞ ይህ ነው። የቦምቡ እምብርት ይፈታል፤ ብረቱ ወደ ዱቄት ይለወጣል፤ በውስጡ የተጨመረው ጋሊየም ተጣርቶ ይወጣል። ዱቄቱ ከዩራኒየም ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ በእንክብል መልክ ይጠፈጠፋል፤ በእሳት ይጠበሳል፤ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ይሞላል። ይህ ድብልቅ ነዳጅ በዓለም ዘንድ «ሞክስ» ይባላል።

አሁን ስለ ጉልበቱ። ልጅ ሳለሁ ቢቸና ውስጥ እናቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስትጋግር ሦስተኛውን እንዳወጣች መብራት ይሄዳል። ሊጡ ከቡሃቃው አፍ ደርሷል፤ አክንባሎው ገና ይተናል፤ ማሰሻው በእጇ ነው። «ሳይኮመጥጥብኝ ኩበት አምጡልኝ» ትላለች፤ እኛም ወደ ጓሮ ሮጠን ለመደቡ ማዳበሪያ ይሆናል የተባለውን ኩበት እናመጣለን። ከዚያ ጓሮ ለተነሣ ሰው የሚከተለው ስሌት ልብ ይነካል። አንድ ግራም ፕሉቶኒየም ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ አንድ ሜጋዋት ለአንድ ቀን የሚያህል ሙቀት ይሰጣል። ሲሶው ኤሌክትሪክ ሆኖ ቢወጣ ወደ 8,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ሦስት ኪሎዋት ተኩል የሚበላ ምጣድ በሳምንት አራት ሰዓት ቢሠራበት አሥር ዓመት ያህል ያስጋግራል፤ ከአንድ ግራም! ስሌቱን ከፍ እናድርገው። አሜሪካና ሩሲያ እያንዳንዳቸው እናስወግዳለን ብለው የተስማሙበት መጠን 34 ቶን ነው። የአንዳቸው ድርሻ ብቻ አንዲት ቅንጣት ሳትቀር ቢነድ፣ በዓመት ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ይጠበቅበታል የሚባለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የሚያመርተውን ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

ስሌቱ ትክክል ነው። ሰውን የሚያስተውም ትክክል ስለሆነ ነው። «ሙሉ በሙሉ ቢነድ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ በተግባር እንደማይሟላ ከዚህ በታች አሳያለሁ።

ከፓኖፍስኪ ኮሚቴ ጋር

የዘርፉ ሁሉ መነሻ በ1994 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጥናት ነው። ጥናቱን በ1992 የጠየቁት የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ብሬንት ስኮውክሮፍት ሲሆኑ፣ የመሩት የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓኖፍስኪ ናቸው። በዓመቱ በጆን ሆልድረን የተመራ ቡድን በማብላያ ላይ ያተኮረ ሁለተኛ ጥራዝ ጨመረበት። ሥራው በእውነት ትልቅ ነው፤ የጸሐፊዎቹን ቅንነትም አልጠራጠርም። የፕሉቶኒየም የነዳጅ ዋጋ ውሳኔውን ሊመራ አይገባም፣ ምክንያቱም ማዘጋጀቱና መጠበቁ ከተራው ዩራኒየም ነዳጅ በላይ ያስወጣል ማለታቸው ዛሬም የማይናወጥ ነው። በዚህ ነጥብ ከእነሱ ጋር ነኝ።

የምለያቸው በሦስት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው መመዘኛቸው ነው። ኮሚቴው «ያገለገለ ነዳጅ መመዘኛ» የሚባለውን አስቀመጠ፦ የቦምቡ ፕሉቶኒየም ለሌባም ለመንግሥትም አስቸጋሪነቱ በሲቪል ማብላያዎች ባገለገለ ነዳጅ ውስጥ ካለው ፕሉቶኒየም ጋር ከተስተካከለ ይበቃል። መመዘኛው የቆመው በአመዛኙ በጨረር አጥር ላይ ነው። ያገለገለ ነዳጅ በዙሪያው ገዳይ ጨረር ስላለው ማንም በቀላሉ አይነካውም ማለት ነው። ይህን ጨረር ለረጅም ጊዜ በዋነኛነት የሚሰጠው ሲዚየም-137 ግን በ30 ዓመት ግማሹ ያልፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚቀረው ከመቶ አሥር እጅ ብቻ ነው። በዚያ መቶ ዓመት ፕሉቶኒየም-239ው ከመቶ አንድ እንኳ አልጎደለም። አጥሩ ፈርሶ ከብቱ እበረቱ ውስጥ አለ። ኮሚቴው ይህን ያውቃል፣ ይጠቅሰዋልም፤ ነገር ግን ያገለገለው ነዳጅ ሁሉ የሚጋራው ችግር ነው ብሎ ያልፈዋል። የሙግቴ ሥር እዚህ ላይ ነው። የዓለምን ትልቁን ያልተከፈለ ዕዳ መለኪያ አድርጎ «የእኛም ከዚያ ጋር እኩል ይሁን» ማለት ዕዳን በዕዳ መመዘን ነው። ቁናው ራሱ የጎደለ ከሆነ በእሱ የተሰፈረው እህል ሊሞላ አይችልም።

ሁለተኛው «ማንደድ» የሚለው አነጋገር ነው። ፕሉቶኒየም በማብላያ ውስጥ ይነዳል ሲባል አድማጩ እንደ ኩበት አመድ ሆኖ የሚያልቅ ይመስለዋል። አይደለም። በተለመደው የውሃ ማብላያ፣ ለምሳሌ በፈረንሳይ 900 ሜጋዋት ጣቢያዎች፣ ሞክስ የሚሞላው የነዳጁን ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው ተራ ዩራኒየም ነው። ያ ዩራኒየም ደግሞ ጎን ለጎን አዲስ ፕሉቶኒየም እየፈጠረ ነው። ሲሶው የሚያጠፋውንና ሁለት ሲሶው የሚወልደውን ብንደምር ውጤቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በአንድ በር እየወጣ በሌላው ይገባል። የሚለወጠው የፕሉቶኒየሙ ጥራት ነው፤ ለቦምብ ከሚመች ወደ እምብዛም የማይመች። ይህ ለውጥ ዋጋ የለውም አልልም። ሆኖም ከማብላያ የወጣ ፕሉቶኒየምም ቦምብ መሆን እንደሚችል ራሱ ኮሚቴው አረጋግጧል፤ ስለዚህ በገዛ ምስክርነቱ የማንደድ መንገድ የሚያመጣው ለውጥ የደረጃ እንጂ የዓይነት አይደለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አንድ ቦምብ ሊሠራበት ይችላል ብሎ የሚቆጥረው መጠን 8 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ መለኪያ የሁለቱ መንግሥታት 68 ቶን 8,500 ቦምብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር «ቀንሰነዋል» ሳይሆን «መልኩን ለውጠነዋል» ማለት የትም ቦታ የተግባር ሪፖርት ሊሆን አይገባውም።

ሦስተኛውና ዋናው ኮሚቴው ሁለት መንገዶችን እኩል ማስቀመጡ ነው፦ በማብላያ ማንደድ፣ ወይም ከከፍተኛ ጨረር ዝቃጭ ጋር በመስታወት አቅልጦ መቅበር። በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ይመስላል። ታሪክ ግን ሚዛኑን በፍጥነት አጋደለው። በ2000 አሜሪካና ሩሲያ የ34 ቶኑን ስምምነት ሲፈርሙ አሜሪካ ሁለቱንም መንገዶች ይዛ ነበር። በ2002 የመስታወቱ መንገድ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ተሰረዘ፤ ሞክስ ብቻውን ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተቀበረ ነገር ባለቤትና ሻጭ የለውም፣ ነዳጅ ግን ሻጭ፣ ገዢ፣ ሥራ ተቋራጭና የምክር ቤት ወኪል አለው። ሁለት መንገድ እኩል ይሁኑ ሲባል ትርፍ ያለበት ሌላውን ይውጠዋል። ይህን አስቀድሞ ማየት የፊዚክስ ሊቅነት አይጠይቅም ነበር።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። በደቡብ ካሮላይና፣ በሳቫና ወንዝ፣ የሞክስ ፋብሪካው ግንባታ በ2007 ተጀመረ። 4.8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው ሥራ በ2016 በአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ግምት ከ17 ቢሊዮን አለፈ። በ2018 ሳያልቅ ተቋረጠ። አንዲት የነዳጅ እንክብል አልወጣችበትም። በ2020 የአሜሪካ መንግሥት ፕሉቶኒየሙን በጊዜው ስላላወጣ ለደቡብ ካሮላይና ግዛት 600 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ዕዳ ማለት ይህ ነው፤ ወለዱ ሳይቀር ተቆጥሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የማይጠቀስ ገጽ አለ። በ2004 ወደ 140 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የቦምብ ፕሉቶኒየም ከቻርልስተን ወደብ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ፤ እዚያ አራት የሙከራ የነዳጅ ጥቅሎች ተሠርተውበት ተመለሰ። በ2005 በካቶባ ጣቢያ ማብላያ ገቡ። ዕቅዱ ሦስት ዙር እንዲሠሩ ነበር። በ2008፣ ከሁለት ዙር በኋላ፣ ጥቅሎቹ ከሚጠበቀው በላይ ረዝመው ስለተገኙ ሙከራው ቆመ። መርዘማቸው ከፕሉቶኒየሙ ሳይሆን ከቱቦው ብረት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ሃያ አራት ዓመት የተነገረለት የአሜሪካ ሞክስ መርሐ ግብር በማብላያ ውስጥ ያሳየን ነዳጅ ሁሉ እነዚህ አራት ጥቅሎች ናቸው። የብሪታኒያም ልምድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሴላፊልድ የሞክስ ፋብሪካ ከታቀደለት ጥቂቱን ብቻ አምርቶ በ2011 እንዲዘጋ ተወሰነ፤ በጥር 2025 የብሪታኒያ መንግሥት 140 ቶን የሚጠጋውን የሲቪል ፕሉቶኒየም ክምችቱን ነዳጅ ከማድረግ ይልቅ በማይነቃነቅ ቁስ ውስጥ አጥሮ ሊቀብረው ወሰነ። ሰባ ዓመት ፕሉቶኒየም ሲያጣራ የኖረ አገር እዚህ መደምደሚያ ላይ መድረሱ ለኔ ከአሥር ጥራዝ ጥናት ይበልጣል።

ገመድ በሁለት ጫፍ

ከሞጣ ወደ ሰሜን ዓባይን የሚሻገረው ሰባራ ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት፣ ተንጠልጣይ ድልድይ እስኪሠራለት ድረስ፣ የጎጃምና የበጌምድር ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፤ በዚህ ጫፍ ያሉት ቀስ እያሉ ይለቁለታል፤ በዚያ ጫፍ ያሉት ይስቡታል። በሁለቱም ወገን ሰው ካልቆመ መሻገር የለም። አንዱ ወገን ቢለቅ ደግሞ ወንዙ ላይ የሚቀረው ገመዱን የያዙት ሳይሆኑ መካከል ላይ ያለው ነው።

የ2000 ስምምነት እንዲህ ያለ ገመድ ነበር። ሩሲያ ድርሻዋን በማብላያ ልታነድ፣ በ2010 በተጨመረው ፕሮቶኮልም በፈጣን ኒውትሮን ማብላያዎቿ በቢኤን-600 እና በቢኤን-800 ልትጠቀም ተስማማች። አሜሪካ ሞክስን ትታ ፕሉቶኒየሙን ከሌላ ዱቄት ጋር አቅጥና በኒው ሜክሲኮ የጨው ዋሻ ልትቀብር ስትል ሩሲያ ተቃወመች፤ የተቀበረው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል አለች። በጥቅምት 2016 ስምምነቱን አገደች፤ በጥቅምት 2025 ጨርሳ ሻረችው። በግንቦት 2025 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትርፍ የተባለውን ፕሉቶኒየም መቅበሩ ቀርቶ ለአዳዲስ የማብላያ ኩባንያዎች በነዳጅነት እንዲቀርብ አዘዙ። ሁለቱም ገመዱን ለቀቁ። መካከል ላይ የቀረው ፕሉቶኒየሙ ነው፤ ከእሱም ጋር በሁለቱ ቃል ላይ ተማምነን ቦምብ አንሠራም ብለን የፈረምን ሁላችን።

እዚህ ላይ ማን ትክክል ነበር ብሎ መፍረድ የኔ ዓላማ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ሞስኮና ዋሽንግተን የተጣሉት «እንዴት» በሚለው ላይ እንጂ «ለማን ተጠያቂ ነን» በሚለው ላይ አልነበረም። ጉዳዩ የሁለት ባለንብረቶች ጉዳይ ተደርጎ ስለተቀመጠ ሁለቱ ሲጣሉ የሚከስሳቸው ሦስተኛ ወገን አልተገኘም። የፓኖፍስኪ ኮሚቴም ይህን አቀማመጥ አጸናው እንጂ አልጠየቀውም።

የኅዳር 1954 ዓ.ም. ሰነድ

ሦስተኛው ወገን ግን ነበረ። በሰሐራ በረሃ ሬጋን ላይ ፈረንሳይ የመጀመሪያዋን ቦምብ ያፈነዳችው በየካቲት 1960 ነው። ቦምቡ የፕሉቶኒየም ነበር። የአፍሪካ ምድር ከፕሉቶኒየም ጋር የተዋወቀችው በነዳጅ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጠቅላላ ጉባኤው በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔዎችን አሳለፈ። ቁጥር 1652 አፍሪካ ከኒውክሌር ነጻ ቀጠና ተደርጋ እንድትከበር ጠየቀ። ቁጥር 1653 ደግሞ ኢትዮጵያ በግንባር ቀደምትነት ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ያቀረበችው ነው፤ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። አሜሪካ፣ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ተቃወሙት።

ሰነዱ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ያውጃል። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን መግቢያው ነው። የ1868ን የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ፣ የሄግ ስምምነቶችን፣ ከዚያም የ1925ን የጄኔቫ ፕሮቶኮል እየጠቀሰ ይወርዳል። የጄኔቫ ፕሮቶኮል መርዝ ጋዝን የከለከለ ነው። ጣሊያን ፈርማው ሳለ ከ1935 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ረጨች። ይህን ዝርዝር ለኒውዮርክ ያቀረበችው አገር የተፈረመ ወረቀት ሲቀደድ ምን እንደሚመስል በቆዳዋ ታውቃለች። ስለዚህ ሰነዱን እንደ ተራ የዲፕሎማሲ ምኞት የሚያዩት ሁሉ ከማን አፍ እንደወጣ ዘንግተዋል።

ቀጥሎ ያለው ሰነድ ከፕሉቶኒየሙ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ከ1962 ጀምሮ በጄኔቫ በተቀመጠው የአሥራ ስምንት አገሮች የትጥቅ መፍታት ኮሚቴ ውስጥ ከማንም ጎራ ያልቆሙ ስምንት አገሮች ነበሩ፦ ብራዚል፣ በርማ፣ ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ናይጄሪያ፣ ስዊድንና በጊዜው የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። የእነሱ ድካም በኅዳር 1965 ውሳኔ ቁጥር 2028 ሆኖ ጸደቀ። ውሳኔው ለወደፊቱ የኒውክሌር መስፋፋት መከላከያ ስምምነት አምስት መርሆችን ደነገገ። አንደኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለመስፋፋት መንገድ የሚከፍት ቀዳዳ እንዳይኖር ነው። ሁለተኛው ቦምብ ባላቸውና በሌላቸው መንግሥታት መካከል የተመጣጠነ የኃላፊነትና የግዴታ ሚዛን እንዲኖር ነው። ኢትዮጵያ በ1968 ስምምነቱን ስትፈርም፣ በ1970 ስታጸድቅ የፈረመችው በዚህ ሚዛን ላይ ነው፤ እኛ አንሠራም፣ እናንተ ታፈርሳላችሁ።

ከዚህ ተነሥተን «ትርፍ» የተባለውን ፕሉቶኒየም ብንመለከት ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከፈረሰ ቦምብ የወጣ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም የዚያ ሚዛን ክፍያ ነው። ክፍያው ሙሉ የሚሆነው ቁሱ ወደ መሣሪያነት የሚመለስበት ቀዳዳ ሲደፈን ነው። በነዳጅ ስም ወደ ንግድ ሲገባ፣ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ሲጓዝ፣ ግማሽ ልቡ በአገልግሎት ግማሹ በክምችት ሲቀመጥ፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ተበዳሪው ዕዳውን እከፍላለሁ ብሎ ያወጣውን ገንዘብ በአበዳሪው ፊት መልሶ እንደሚነግድበት ነው።

ጥቂት ተቃውሞዎች

የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ሕግ ሆኖ አይገድድም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን 2028 የስምምነቱ ፅንስ ነው፣ ስምምነቱ ደግሞ ይገድዳል። ሕንድ ራሷ ከስምንቱ አንዷ ሆና በ1974 ለሰላማዊ ምርምር ከተባለ ማብላያ ባወጣችው ፕሉቶኒየም ቦምብ አፈንድታለች የሚል አለ። ይህ ለኔ ምስክር ነው፤ ሰላማዊ የተባለ ፕሉቶኒየም የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ፈጣን ማብላያ በእርግጥ ያነዳል የሚሉት ቢኤን-800ን ይጠቅሳሉ፤ በ2022 ሙሉ በሙሉ በሞክስ ተሞልቷል። ልክ ናቸው፤ ግን አንድ ማብላያ በአንድ አገር የዓለምን ክምችት መፍትሔ አይሆንም፣ ያው ማብላያም አቀማመጡ ቢለወጥ ከሚያጠፋው በላይ ሊወልድ ይችላል። የቢቸና ምጣድ መብራት ይፈልጋል፣ ምን ቅንጦት ነው የሚለውን ግን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። እናቴ ኩበት ስትለቅም አይቻለሁ። መልሱ ግን አጭር ነው፦ ማብላያ ለሚፈልግ አገር የዩራኒየም ነዳጅ በገበያ አለ፤ ከሞክስም ይረክሳል፤ ፕሉቶኒየምን የሚያስገድድ የኃይል ችግር የለም።



ከእኛ ማብላያ የሚወጣው

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ከእንግዲህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር በ2017 የመግባቢያ ሰነድ፣ በ2019 በሶቺ የመንግሥታት ስምምነት፣ በ2023 በሴንት ፒተርስበርግ ፍኖተ ካርታ ተፈርሟል። ሕዳሴ ግድብ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የኒውክሌር ጣቢያ ከቀጣዮቹ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ መሆኑ ተነገረ፤ ብዙም ሳይቆይ በሞስኮ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ።

አንድ 1,000 ሜጋዋት የውሃ ማብላያ ተራ ዩራኒየም ብቻ ቢነድበት እንኳ ባገለገለው ነዳጅ ውስጥ በዓመት ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ፕሉቶኒየም ይተዋል። በኤጀንሲው መለኪያ ከ25 እስከ 31 ቦምብ፤ በየዓመቱ። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሥራ በጀመረ ቀን ኢትዮጵያ ከ1961 ጀምሮ ስትከስሰው የኖረችውን ቁስ ራሷ ማምረት ትጀምራለች። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሁሉም ማብላያ ያለው አገር ያደርገዋል። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ነው። ሩሲያ ለባንግላዴሽ የሩፑር ጣቢያ ያገለገለውን ነዳጅ መልሳ ለመውሰድ በ2017 ተስማምታለች። ተመሳሳይ ውል ለእኛ ቢቀርብ ዝቃጩ ከደጃችን ስለሚነሣ ደስ ሊለን ይችላል። ነገር ግን ሩሲያ ያገለገለ ነዳጅ አጥባ ፕሉቶኒየሙን ለይታ የምታወጣ አገር ናት። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ ቀጠና ያደረገው የፔሊንዳባ ስምምነት አባል የሆነችው፣ ለዚያም ከአዲስ አበባ የተጀመረውን ጉዞ ያስተናገደችው አገር ፕሉቶኒየም፣ ከአንድ የኒውክሌር ኃያል መንግሥት ክምችት ጋር ሊቀላቀል ነው።

ስለዚህ በውሉ ውስጥ ከጣቢያው ቦታ፣ ከብድሩ ወለድና ከሜጋዋቱ እኩል ሊጻፍ የሚገባው አንቀጽ ይህ ነው፦ ከኢትዮጵያ ማብላያ የወጣ ነዳጅ በማንም እጅ ይሁን በማን ሳይታጠብ እንዲቀመጥ፣ የሚታጠብ ከሆነም ተለይቶ የሚወጣው ፕሉቶኒየም በስማችን ተመዝግቦ፣ በዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ እኛ ሳንስማማ አንድ ኪሎ ግራም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ። ለድርድሩ የሚሄዱት ባለሙያዎች ቁጥር 1653ን እና ቁጥር 2028ን በቦርሳቸው ይያዙ። ሁለቱም የአገራቸው ሰዎች የደከሙባቸው ናቸው፤ ጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው መንግሥትም ለመጀመሪያው በ1961 የድጋፍ ድምፁን ሰጥቷል።